የሰፈር ሀገር በቀል ዕፅዋት ቡድን አቋቁመናል፤ ከክረምት ተከላ ውጪ ምን እንሥራ?

ገባር_ወንዝ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ ከሚገቡት ትንንሽ ጅረቶች ባንዱ ዳር ነው። በሰፈራችን ተሰባስበን የሀገር በቀል ዕፅዋት ቡድን ብለን ራሳችንን ከሰየምን ቆይተናል። ገሚሱ ጡረተኛ፣ ገሚሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። መሀል ላይ ያለነው ሠራተኞች ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ካልሆነ አንገኝም። ከድልድዩ በታች ያለውን ጠባብና ረጅም የወንዝ ዳር እንድንንከባከብ ወረዳው ፈቅዶልናል። በቃል ብቻ ሳይሆን በደብዳቤ ነው፤ ለዚያች ወረቀት የተመላለስነውን ሌላ ጊዜ አወራችኋለሁ።

ቦታው ይህን ይመስላል። ላይኛው ጠርዝ ላይ ያረጁ ባሕር ዛፎች አሉ። ከሥራቸው የወፍ ቆሎ የወረረው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለ። ታች ውሃው አጠገብ ሸምበቆ፣ ጭቃና ከላይ ሰፈር የሚወርድ ፌስታል። አምና በዘመቻ የመጡልን ችግኞች አብዛኞቹ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጽድ ነበሩ። ተተከሉ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበ። ጥር ላይ ሄደን ስናይ ፀሐይ ያልፈጀውን ፍየል በልቶታል።

ዘንድሮ ሀገር በቀል ብቻ እንትከል ብለን ተስማምተናል። ጥያቄዬ ግን ከዚያ ያልፋል። የትኛው ዛፍ የት ይሆናል? ዘሩን ከየት እናምጣ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዉን እንዴት እንያዘው? ሐምሌ ላይ መንገዱ እስኪጨናነቅ ይወጣል፤ ኅዳር ላይ እኔና አንድ ጡረተኛ መምህር ተያይተን እንስቃለን። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የቆየ ሰው ካለ ልምዱን ያካፍለን።

ሸክላ_አፈር

በግልጽ ልንገርህ፣ ሰው የማይጠቅመውን ዛፍ አይጠብቅም። ወይራና ጽድ እስኪደርሱ ያ ተማሪ ልጅ ይድራል። አቮካዶና ማንጎ ትከሉ፣ ያኔ ሰዉ ራሱ ፍየሉን ያባርርላችኋል። ሀገር በቀል እያሉ መጨነቅ የምሁር ቅንጦት ነው የሚመስለኝ። ባሕር ዛፉም ቢሆን ከውጭ መጥቶ ነው አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት።

የኮሶ_ጥላ

ወንድሜ ገባር፣ ደብዳቤው እጃችሁ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ደህና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ኮፒውንም ለእድራችሁ ጸሐፊ ስጡ። ኃላፊ ይቀየራል፣ አዲሱ መጥቶ «ማን ፈቀደላችሁ» ማለቱ አይቀርም።

እኔ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ ሰፈር የአንዲት ትንሽ ቡድን ችግኝ ማፍያ ነው የምይዘው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጠዋት ሥራዬ ይኸው ነው። ጉልበቴ ዶማ አይችልም፤ ዓይኔ ግን ገና ዘር ይለያል።

የጠየቅከውን ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ሰዉ ኅዳር ላይ የሚጠፋው ኅዳር ላይ ሥራ እንዳለ የነገረው ስለሌለ ነው። ሐምሌ ተክላችሁ «ለከርሞ ያድርሰን» ብላችሁ ከተለያያችሁ እሱ ምን ያድርግ? የዛፍ ሥራ ዓመቱ የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ተከላው የዓመቱ ማሳረጊያ ነው፤ ከድካሙም ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አንድም ችግኝ ሳትተክሉ ብትጀምሩ አይቆጨኝም።

መጀመሪያ ዶማውን አስቀምጡና ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት። በተለይ ባሕር ዛፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ባሕር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። የደን ተመራማሪዎቹ ፈይራ ሰንበታና ደመል ተክታይ በመናገሻ ከውጭ በመጡ ዛፎች የተተከለውን ደን ሲያጠኑ፣ ከሥሩ ብዙ ዓይነት ሀገር በቀል እንጨት በራሱ በቅሎ አግኝተዋል። ወፍ ከላይ ተቀምጦ ይጥለዋል፣ ጥላው ያቆየዋል። እና የእኛ በጎ ፈቃደኛ ምን ያደርጋል? ገጀራ ይዞ መጥቶ «ጽዳት» ብሎ ይመነጥረዋል። በነጻ የበቀለ የሦስት ዓመት ወይራ ተቆርጦ ከፌስታል ጋር ሲጣል ያየሁ ቀን ራት አልበላሁም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ቀይ ጨርቅ ማሰር ይሁን። ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን ከፍላችሁ፣ ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ እንዲያዩ አድርጉ። ወይራን በቅጠሉ ትለዩታላችሁ፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሆዱ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። የሀበሻ ጽድ በልጅነቱ ቅጠሉ መርፌ ሆኖ ይዋጋል፣ ሲያድግ ነው የሚለሰልሰው። ካደገ በኋላ ከፈረንጁ ጋር ከተምታታባችሁ ፍሬውን እዩ። የሀበሻው ሰማያዊ መልክ ያለው ለስላሳ ፍሬ ነው፣ የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠነከረ ክብ። ለመልመድ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሂዱ። 705 ሄክታር ነው፣ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፤ ዛፉን በቁሙ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ልጆች በስልክ ፎቶ እያነሱ ስም የሚያወጣላቸውን ነገር ያምኑታል። እኔ አላምነውም፤ አንድ ቀን ግራዋን ሌላ ስም ሲሰጠው አይቻለሁ።

ጨርቅ የታሰረለትን ኮትኩቱለት፣ ዙሪያውን ጉዝጓዝ አልብሱት፣ በድንጋይ ክበቡት። ይህ ሥራ ችግኝ አይገዛም፣ ውሃም ብዙ አይጠይቅም። ሥሩ ቦታውን አስቀድሞ የያዘ ስለሆነ እኛ ከምንተክለው ይልቅ በጋውን ይችላል።

ከዚያ የወፍ ቆሎው። እሱን መቁረጥ ማጠናከር ነው፣ ከጉቶው መልሶ ይፈነዳል። አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ከነሥሩ ነቅሉት፤ ፍሬው ሳይጠቁር። ከጠቆረ ወፍ ይበትነዋል። ግን አደራ፣ ዳገቱን በአንድ ቅዳሜ እርቃኑን እንዳታስቀሩት። የተራቆተ የወንዝ ዳር በሚቀጥለው ዝናብ ተንዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ቁራጭ ቁራጭ እያደረጋችሁ፣ በነቀላችሁበት ቦታ ወዲያው ምትክ እያስገባችሁ ሂዱ። ሰንሰል በቁራጭ ይይዛል። አኻያም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ዳር እርጥብ ጭቃ ላይ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ብትሰኩ ያቆጠቁጣል። እናንተ ሠራተኞቹ ቅዳሜ የምትመጡት ለዚህ ነው፤ ጉልበት የሚፈልግ፣ ውጤቱ በዕለቱ የሚታይ ሥራ ነው።

ዘር። አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅ ዘር አለ ብላችሁ አትጠብቁ። ደመል ተክታይ የደጋውን ደን አፈር ባጠናበት ጊዜ አፈሩ ውስጥ የተገኘው በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው፣ ትልልቆቹ ዛፎች ግን እምብዛም የሉም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ ነገሩ አከተመ ማለት ነው። እናቶቹ ያሉት ደግሞ ደብሩ ግቢ ነው። አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ ምን እንደምታደርጉበት ንገሯቸው፤ እኔ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም፣ እንዲያውም የግቢውን መጥረጊያ ያቀብሉኛል። የአገራችን የዛፍ ዘር ጉዞ ድሮም ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክህነት አልራቀም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው መናገሻ አስተከሉ ይባላል፤ 15ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው።

ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። ተራርቀው ካሉ ከብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ፣ ለወፉም አስቀሩለት። ጽድም ኮሶም ወንድና ሴት ዛፍ አላቸው፤ ፍሬ የሌለውን ጽድ ቆማችሁ አትውቀሱት፣ ወንድ ነው።

አሁን እኔ የምወደው ላይ ደረስን፤ ታግሣችሁ አንብቡኝ።

እያንዳንዱ ዘር የራሱ ጠባይ አለው። ግራርን የፈላ ውሃ አፍስሳችሁበት እዚያው ሲቀዘቅዝ ይደር፤ ያበጠውን በማግስቱ ዝሩት። ወይራን ሥጋውን በአሸዋ አሽታችሁ አጥባችሁ አድርቁ፣ ከዚያ የድንጋዩን ጫፍ በመቀስ ብቻ ንኩት፤ ውስጡን ከወጋችሁት አበቃ። የጽድ ፍሬን አሽታችሁ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ ከላይ የተንሳፈፈው ባዶ ነው፣ ድፉት። ከቀረውም ቢሆን የሚበቅለው ጥቂቱ ነውና በርከት አድርጋችሁ ዝሩ። ጥቁር እንጨት እንደ እንግዳ ነው፣ አይቆይም፤ ዘሩ ከደረቀ ይሞታል፣ የለቀማችሁ ሰሞን መሬት ይንካ። የኮሶ ዘር ብናኝ ነው፣ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ላይ ላዩን በትኑት፣ አፈር ከጫናችሁበት አይወጣም፤ ከርሞም አይጠብቃችሁም። ዝግባ ደግሞ ባለጸጋ ነው፣ በራሱ ጊዜ ነው የሚመጣው። ወራት ካለፉ በኋላ «ሞቷል» ብላችሁ መደቡን ልትገለብጡ ስትነሡ ብቅ ይላል።

ዋንዛ አበባውን ከክረምት በኋላ አውጥቶ ፍሬውን በበጋ ያደርሳል። ሙጫ ያለው ሥጋው ካልታጠበ ይሻግታል። ብሳናን አትናቁት። እንጨቱ ዋጋ የለውም የሚል ሰው አለ፤ ግን የተጎዳ መሬት ላይ ቶሎ የሚቆም፣ ቅጠሉን አርግፎ አፈር የሚሠራ እሱ ነው። ቀድሞ እሱ ይግባ፣ ጌቶቹ በጥላው ይምጡ።

መደቡን ጠዋት ጠዋት በጥቂቱ አጠጡ። ማታ ሲረጥብ ካደረ ቡቃያው ከአንገቱ ቀጥኖ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የላስቲኩን አፈር ሁለት ሦስት ዓይነት ቀላቅሉ፤ የአካባቢ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግ ወይም የደን አፈር፣ ትንሽ አሸዋ። ጥላውን በገለባ ሥሩ፤ ክረምቱ ሲቃረብ ቀስ በቀስ አንሡለት፣ ውሃውንም ቀንሱ፣ ፀሐይና ንፋስ ይልመድ። ተንደላቆ ያደገ ችግኝ ወንዝ ዳር ሲወርድ ያለቅሳል።

ጊዜውን አስቡት። ግራር ጥር ላይ ተዘርቶ ለሐምሌ ሊደርስ ይችላል። ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዘንድሮ የምትዘሩት ወይራ ለከርሞ ክረምት ነው። ይህን ለሰዉ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ሐምሌ ሲደርስ «የታል?» ይላችኋል።

ሰዉን እንዲህ አከፋፍሉት። ጠዋት ቤት ያሉት ጡረተኞች ውሃውን ይያዙ፤ በተራ፣ በመዝገብ። ተማሪዎች የእረፍት ሰሞን ላስቲክ ይሙሉ፤ ክብ ሠርተው ተቀምጠው እየተጨዋወቱ ይሙሉ፣ ቡናው ይፈላ። ደቦ ላይ ሥራ የሚያልቀው በወሬ ነው። ግንቦት ላይ ጉድጓድ ቁፋሮ። ሐምሌ ላይ የሚተከለውን ቁጥር በጋ ላይ ማጠጣት በምትችሉት ልክ አድርጉት። አንድ ቤተሰብ ከወንዙ ቀድቶ ስንቱን ችግኝ በጋውን ሙሉ ሊያጠጣ ይችላል? በቤተሰባችሁ ቁጥር አባዙት፤ ከዚያ በላይ አንዲትም አትጨምሩ፣ በመኪና ተጭኖ ቢመጣላችሁም እንኳ። እምቢ ማለት ነውር መስሎ ይታያል፤ እኔ እምቢ ስል «እኚህ ሴትዮ ልማት ይጠላሉ» ተብያለሁ።

ሸክላ_አፈር፣ አንተ ያልከው ውስጥ እውነት አለ። የማይጠቅም ነገር አይጠበቅም። ግን ጥቅም ማለት አቮካዶ ብቻ ማን አለ? ኮሽም አጥርም ነው ፍሬም ነው። አጋምን ልጆች ሳይደርስ ይጨርሱታል። ዶቅማ ወንዝ ዳር ይወዳል፣ ፍሬው ይበላል። እኛ ማፍያው በር ላይ ግራዋና ዳማከሴ በነጻ እንሰጣለን። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ፍለጋ መጥቶ ቆሞ ያየናል፤ ከእነሱ መሀል ዛሬ የማፍያውን ቁልፍ የያዙ አሉ። ጥቁር እንጨትም ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት በዓለም ገበያ ስለሚፈለግ ንግዱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያለ ዛፍ ነው። አቮካዶህን ጓሮህ ትከል፣ እኔም አለኝ፣ ማንም አልከለከለህም። ወንዝ ዳሩን ግን ለወንዝ ዳር ልጆች ተውላቸው።

ገባር_ወንዝ

እትዬ (በአጻጻፍዎ ታላቄ መሆንዎን ገምቼ ነው፣ ይቅርታ)፣ ይህን አትሜ ለመምህሩ አነበብኩላቸው። «የኮሶ ዘር አይጠብቅም» ሲሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ደብሩ ግቢ ያለውን ኮሶ ሊያዩ ሄዱ። ቀይ ጨርቁንም ዛሬ ጀምረናል። ባሕር ዛፉ ሥር ወይራ አለ! አንዱ ልጅ የፈረንጅ ጽድ ቡቃያ ላይ አስሮ ነበር፣ አስፈታነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። ፍየሎቹን ምን እናድርጋቸው? ባለቤቶቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ መጣላት አንፈልግም። ሁለተኛ፣ አንድ አባል ወንዙ ዳር እንዶድ እንትከል ይላል፣ ለልብስ ማጠቢያ ለእናቶች ይሆናል ብሎ፤ ጥሩ ነው? ሦስተኛ፣ የችግኝ ላስቲክ መግዣ የለንም።

የድንጋይ_ካብ

እኔ ያለሁት ደብረ ታቦር አካባቢ ነው፤ የፍየሉን ጉዳይ ከዚህ ልመልስ። የእኛ ሀገር የቀረው ደን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው፣ ከሩቅ ሲታይ በእርሻ መሀል እንደተደፋ አረንጓዴ ሰፌድ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ዓመታት አጥንተዋል። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ከብት እንዳይገባ በታጠረበት ቦታ ቡቃያው በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ከተተወው ቦታ በጣም የተሻለ መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙ ደብሮች ምእመኑ ከየማሳው ድንጋይ ለቅሞ ዙሪያውን ካብ ካበበት። ገበሬውም ማሳው ጸዳለት፣ ደኑም አጥር አገኘ። ለዚህ ነው ማንም ያልተጣላው።

እናንተ ጋ ያን ያህል ድንጋይ ላይኖር ይችላል። ያለው ቁጥቋጦ ግን ይረዳችኋል። ትግራይ ውስጥ ከከብት ንክኪ በተከለሉ ቦታዎች የወይራ ችግኝ ገላጣ ላይና ቁጥቋጦ ሥር ተተክሎ ሲነጻጸር፣ እንደ ደደሆ ያለ ቁጥቋጦ ሥር ያለው በተሻለ ተርፏል። ጥላም ይሆነዋል፣ ከአፍም ይሰውረዋል። ስለዚህ ቀጋውንና አጋሙን መንጥራችሁ ገላጣ ላይ በመስመር አትትከሉ። እሾሁ መሀል ቆፍራችሁ ሸጉጡት። ሰልፍ ሠርቶ ላያምር ይችላል። ፍየል ግን ሰልፍ ይወዳል።

የኮሶ_ጥላ

እትዬ በለኝ፣ ደስ ይለኛል።

የድንጋይ_ካብን ምክር ያዝ። እኔም አንድ ልጨምር፤ የፍየሎቹን ባለቤቶች አባል አድርጓቸው። ከልቤ ነው። ከዳገቱ ላይ የምትነቅሉትን ሣርና ለከብት የሚሆን ቅጠል በየሳምንቱ በሸክም ለእነሱ ስጡ፣ ፍየሉ ወደ ምግቡ ከመሄድ ምግቡ ወደ ፍየሉ ይምጣ። የወፍ ቆሎውን ግን እንዳትቀላቅሉት፣ ቅጠሉ ከብት ይመርዛል፤ አንድ ፍየል ከታመመ ቡድናችሁ በዚያው ይበተናል። እኛ ሰፈር በጣም ያስቸገሩን ሰውዬ ነበሩ፣ አሁን የአጥሩ ኃላፊ ናቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይጮኻሉ።

እንዶድ ለሚለው አባላችሁ ምስጋናዬን አድርስልኝ፣ ግን ወንዙ ዳር አይሁን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ያዩት እኮ ይህንን ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ነበር፤ ከዚያ ነው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ የሚሆን ነገር ያገኙት፣ በ1989ም ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት የተቀበሉበት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ፍሬ ዓሣንም ሌላውንም የውሃ ነፍሳት አይምርም። ላይኛው አጥር ላይ፣ ከውሃው ርቆ ይውጣ። ሐረግ ስለሚሆን የሚደገፍበት አዘጋጁለት። እናቶችም እዚያው በቤታቸው ያጥቡበት። ብርብራም ቢሆን ዘሩ ዓሣ ማደንዘዣ ነው፣ እሱንም ከውሃው አርቃችሁ ትከሉት፤ የሀገራችን ብቻ የሆነ ዛፍ ስለሆነ ሳይኖራችሁ አይቅር።

ላስቲክ አትግዙ። የወተት ላስቲክ ሰፈሩን ሞልቶታል። ካፌዎቹን ጠይቁ፣ ልጆቹ በየቤቱ ይዙሩ፤ ውሃው ዳር ከምትለቅሙት ቆሻሻም ገሚሱ እሱ ነው። ደህና አድርጋችሁ እጠቡት፣ ካልታጠበ ይሸታል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ታችኛውን ጥግ በሁለቱም በኩል ቁረጡ፣ ጎኑን በምስማር ብሱት፣ ውሃ እንዳይቋጥር። ትንሽ ስለሆነ ለግራር፣ ለብሳናና ለግራዋ ይበቃል። ለወይራና ለዝግባ ግን ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ሥራቸው ውስጡ ይጠመዘዛል፤ ለእነሱ የዱቄት ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ቆርጣችሁ ስፉ።

ስትተክሉ ደግሞ ላስቲኩን አውጡት። ይህን መናገር የሚያሳፍር ይመስላል፣ ግን በየዓመቱ ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ አያለሁ። ታቹን አንድ ጣት ያህል በምላጭ ቁረጡ፣ የተጠመዘዘው ሥር አብሮ ይሂድ፤ ከዚያ ጎኑን ቅደዱና አፈሩ ሳይፈርስ አስገቡት። አንድ ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይቁም፤ ላስቲኩን ሳይቀበል ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ማንንም አያሳልፍ። ማታ የላስቲኩን ቁጥር ከችግኙ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ከጎደለ መሬት ውስጥ ነው፣ ሳይመሽ ፈልጉት።

ማፍያውን ማየት ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከታኅሣሥ በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ዘር የምናጥብበት ጊዜ ነው፣ እጅ ያስፈልገኛል። መምህሩም ይምጡ፤ ኮሶውን ካገኙት ሴት መሆኗን አረጋግጠው፣ አበባዋ ወደ ቀይ የሚያደላውን።

ሸክላ_አፈር

ኮሽም ችግኝ ካላችሁ እኔም እመጣለሁ። ለአጥር ነው።

የኮሶ_ጥላ

አለን። የወተት ላስቲክ ይዘህ ና።